ጥቁር ካባ ቪዲዮ ላይ ለምን ይቀላል? ኤንዲ ፊልተርና የኢንፍራሬድ ጣጣ በጣና ዳር

የሠርግ ወር በገባ ቁጥር ባሕር ዳር ውስጥ በቪዲዮ ቀራጮችና በደንበኞቻቸው መካከል የሚነሳ አንድ ዓይነት ቅሬታ አለ። ሙሽራው ጣና ዳር ሲቀረጽ የለበሰው ካባ ጥቁር ነበር፤ ቪዲዮው ተሠርቶ ሲመጣ ግን ካባው ወደ ወይን ጠጅ የተጠጋ ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ሚዜው በዚያው ሰዓት በስልኩ ያነሳው ፎቶ ላይ ደግሞ ካባው እንደ ከሰል ጥቁር ነው። በምረቃ ሰሞን በጋውን ላይ ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ብዙ አቅጣጫ ይይዛል። ደንበኛው «ከለሩን አበላሹት» ይላል፤ ቀራጩ ካሜራውን ይጠረጥራል፤ ኤዲተሩ ዋይት ባላንሱ (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚደረገው የቀለም ማስተካከያ) ተሳስቷል ይላል፤ ብርሃን ለመቀነስ ሌንሱ ላይ የተገጠመው ኤንዲ ፊልተር ፎርጅድ ነው የሚልም አይጠፋም፤ አንዳንዴ ልብስ አከራዩ ሳይቀር ይወቀሳል።

በሰፊው የሚነገረው ሁሉ ስህተት ነው ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ችግሮች እየተደባለቁ ነው። አንደኛው ኮምፒውተር ላይ በደቂቃ ይስተካከላል። ሁለተኛው፣ ማለትም ካባውን የሚያቀላው፣ ቀረጻው ካለቀ በኋላ ሙሉ በሙሉ የሚመለስ አይደለም፤ መፍትሔውም ከፊልተር ግዢ በፊት የሚጀምር ነው። ሁለቱን ለመለየት ፊልተሩ ለምን እንደሚገጠም፣ ምን እንደሚያስቀርና ምን እንደሚያሳልፍ ማወቅ ያስፈልጋል።

የቀትር ፀሐይና የፊልተሩ ሒሳብ

ኤንዲ ፊልተር ሌንስ ፊት የሚገጠም ጠቆር ያለ መስታወት ነው። ሥራው ቀለም ሳይቀይር ወደ ካሜራ የሚገባውን ብርሃን መቀነስ ነው። የሚለካው በ«ስቶፕ» ሲሆን እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል፤ 2 ስቶፕ ሩቡን፣ 6 ስቶፕ ከ64 አንዱን፣ 10 ስቶፕ ከ1,000 አንዱን ያህል ብቻ ያሳልፋል። ጠርዙ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ሲገዙ መደናገር የተለመደ ነው። አንዱ 64 ብሎ የሚጽፈውን ሌላው 1.8 ይለዋል፤ ሁለቱም 6 ስቶፕ ናቸው፣ በሁለተኛው አጻጻፍ እያንዳንዱ 0.3 አንድ ስቶፕ ነውና።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ አካባቢ ትገኛለች። በታኅሣሥ እንኳ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 55 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች፤ በሚያዝያና በነሐሴ ደግሞ አናት ላይ ትወጣለች። ሐይቁ የሚመልሰው ብርሃን ሲጨመርበት ቀራጩ የሚቸገረው በብርሃን ማነስ ሳይሆን በመብዛት ነው።

በቁጥር እንየው። በጠራ ፀሐይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሱነት) 100 ላይ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲያንስ የሚሰፋው) ኤፍ 16 ቢሆን ሸተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) የሰከንድ 1/100 ገደማ ይሆናል፤ ይህ ከፊልም ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ መለኪያ ነው። የዛሬ የሠርግ ቀራጭ ግን «ሎግ» በሚባለው፣ ለኤዲቲንግ እንዲመች ከለሩ ደብዝዞ በሚቀረጽ አሠራር ይጠቀማል። በብዙ ካሜራዎች ሎግ የሚጀምረው ከአይኤስኦ 800 ወይም ከዚያ አካባቢ ነው። የጀርባው ዘንባባና ሐይቅ ብዥ እንዲል ደግሞ ኤፍ 2.8 ይከፍታል። በዚህ አያያዝ ያለ ፊልተር ሸተሩ የሰከንድ 1/25,600 መሆን ነበረበት። ነገር ግን በሰከንድ 25 ፍሬም ለሚቀረጽ ቪዲዮ እንቅስቃሴው ለዓይን እንዲለሰልስ የሚመረጠው ሸተር 1/50 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 512 እጥፍ፣ ማለትም 9 ስቶፕ ነው።

ያው ቀራጭ፣ በያው ፀሐይ፣ ሎግ ትቶ አይኤስኦ 100 ላይ ኤፍ 8 ቢጠቀም የሚያስፈልገው ፊልተር 3 ስቶፕ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ ይያዝልኝ፤ የካባው ጉዳይ የሚወሰነው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ፊልተሩ የማያስቀረው ብርሃን

የሰው ዓይን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ነው (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)። ከቀይ ወዲያ ያለው፣ ዓይን የማያየው ጨረር ኢንፍራሬድ ወይም ታህተ ቀይ ይባላል። ዊልያም ኸርሸል በ1800 እ.ኤ.አ. የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ የየቀለሙን ሙቀት በቴርሞሜትር ሲለካ፣ ቀዩ ካለቀ በኋላ ባለው ባዶ በሚመስል ቦታ ቴርሞሜትሩ ይበልጥ ሲሞቅ ያገኘው ይህንኑ ነው።

ብርሃኑን ተቀብሎ የሚመዘግበው የካሜራ ሴንሰር ከሲሊከን የተሠራ ስለሆነ ከዓይን አልፎ እስከ 1,100 ናኖሜትር ገደማ ድረስ ያያል። ካሜራው ሰው እንደሚያየው እንዲያይ ሠሪዎቹ ሴንሰሩ ፊት ኢንፍራሬድ የሚያስቀር ቀጭን መስታወት ያኖራሉ። ይህ መስታወት ግን በር እንደሚዘጋ ዓይነት አይቆርጥም፤ ከ650 ናኖሜትር አካባቢ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየጠበቀ ይሄዳል፣ ትንሽም ያስመልጣል። በተለይ በጥልቁ ቀይና በኢንፍራሬዱ መጀመሪያ መካከል፣ ከ680 እስከ 780 ባለው ሰቅ፣ የሚያመልጠው ይበዛል። ያለ ኤንዲ ሲቀረጽ ይህ ፍሳሽ ከሚታየው ብርሃን ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ማንም አያስተውለውም።

ችግሩ የሚመጣው ብዙዎቹ ኤንዲ ፊልተሮች በሚሠሩበት ማቅለሚያ ነው። ማቅለሚያው ከ400 እስከ 700 ያለውን ብርሃን በደንብ ያስቀራል፤ ከ700 በላይ ሲኬድ ግን እየሳሳ ሄዶ እንደ ተራ መስታወት ያሳልፋል። ስለዚህ 9 ስቶፕ የተባለው ፊልተር 9 ስቶፕ የሚቀንሰው የሚታየውን ብርሃን ነው። ወጥ እሳት ላይ ቆይቶ ውሃው ሲመጥ ማንም ጨው ሳይጨምርበት ጨው ይበዛበታል፤ እዚህም ኢንፍራሬዱ ሳይጨምር ድርሻው ይጨምራል።

በምሳሌ ለማስላት ያህል (ቁጥሩ የአንድ ካሜራ ልኬት አይደለም) ነጭ ወረቀት ሲቀረጽ ሴንሰሩ ከሚመዘግበው ላይ ኢንፍራሬዱ ከ10,000 አንድ እጅ ነው እንበል። ጥቁር ጨርቅ ከሚታየው ብርሃን 5 በመቶ፣ ከኢንፍራሬዱ ግን 50 በመቶ የሚመልስ ከሆነ በጨርቁ ላይ ድርሻው አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ከ1,000 አንድ ማለት ነው። አሁንም አይታይም። በ3 ስቶፕ ፊልተር ከ1,000 ወደ 8 ያድጋል፤ ገና አንድ በመቶ አልሞላም። በ6 ስቶፕ 6 በመቶ ያልፋል፤ ጠንቃቃ ዓይን ይይዘዋል። በ9 ስቶፕ ግን የሚታየውን ብርሃን ግማሽ ያክላል። ፊልተሩ ኢንፍራሬዱን ጨርሶ አያስቀርም ብለን ስላሰብን ይህ የከፋው ሁኔታ ነው፤ ቢሆንም ችግሩ ቀስ በቀስ የሚመጣ ሳይሆን ከተወሰነ ጥቁረት በኋላ በድንገት የሚወጣ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። «ትንሹ ፊልተሬ ደህና ነበር፣ ትልቁን ስገዛ ነው የተበላሸው» የሚለውም እውነት ነው፤ ትልቁ ግን የግድ ፎርጅድ ስለሆነ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ግምት አለ። ጢስ ዓባይ ላይ ውሃውን እንደ ጥጥ ለማለስለስ ሸተር ለሰከንዶች ክፍት አድርገው የሚያነሱ ሰዎች ቅጠሉ ቢጫ ሲሆንባቸው «ጊዜው ስለረዘመ ኢንፍራሬድ ተጠራቀመ» ይላሉ። ጊዜው የሚታየውንም የማይታየውንም እኩል ያጠራቅማል፤ ድርሻውን አይለውጥም። አፐርቸርም እንዲሁ ሁለቱን እኩል ይቀንሳል። አይኤስኦም አያዳላም። የሚያዳላው ፊልተሩ ብቻ ነው። አይኤስኦ 100 እና ኤፍ 11 ላይ 1/200 የነበረውን ሸተር በ10 ስቶፕ ፊልተር ወደ 5 ሰከንድ ያረዘመ ሰው ቢጫውን ያመጣበት 10 ስቶፑ እንጂ 5 ሰከንዱ አይደለም።

ካባው፣ ቅጠሉ፣ ፀጉሩ

ጥቁር ጨርቅ ለዓይን ጥቁር የሚሆነው ማቅለሚያው የሚታየውን ብርሃን ስለሚውጥ ነው። ብዙዎቹ የጨርቅ ማቅለሚያዎች ግን ኢንፍራሬድን አይውጡም፤ ጨርቁ ራሱ መልሶ ይለቀዋል። ፖሊስተርና ሌሎች ሰው ሠራሽ ጨርቆች በዚህ የታወቁ ናቸው። ዛሬ ለኪራይ የሚቀርበው ከፋይ ካባ፣ የምረቃው ጋውንና ርካሹ ሱፍ ልብስ ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ክር ስላለባቸው በዚህ ይጠቃሉ። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሚዜዎች የአንዱ ኮት ጥቁር፣ የሌላው ቡናማ ሆኖ መታየቱም ከዚሁ ይመነጫል፤ ለዓይን አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ጥቁሮች በኢንፍራሬድ ፍጹም የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለምን ወደ ቀይ ወይም ወደ ሐምራዊ እንጂ ወደ ሌላ ቀለም አይሄድም? ለ700ዎቹ ቅርብ የሆነው ጨረር በአብዛኛው የሚያልፈው በሴንሰሩ ቀይ ነጥቦች ላይ ነው። ከ800 ወዲያ ያለው ደግሞ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጥቦችን እኩል ሊባል በሚችል መጠን ይመታል። ካሜራው ግን ለቀን ብርሃን ዋይት ባላንስ ሲሠራ ቀዩንና ሰማያዊውን ከአረንጓዴው በላይ ያባዛልና እኩል የገባው ጨረር ሐምራዊ ሆኖ ይወጣል።

ቅጠል ሌላው ተጠቂ ነው። ክሎሮፊል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ከ700 ናኖሜትር አካባቢ ጀምሮ ግን ጤነኛ ቅጠል የሚመልሰው ጨረር በድንገት ያሻቅብና ግማሽ ያህል ይደርሳል። ስለዚህ የደንገሉ ጥሻ፣ የዘጌ ደንና የባሕር ዳር ጎዳና ዛፎች በከባድ ኤንዲ ሲቀረጹ አረንጓዴያቸው ወደ ቢጫና ቡናማ ይሸሻል። ውሃ በተቃራኒው ኢንፍራሬድን ይውጣል፤ የሐይቁ ገጽ ብዙም አይለወጥም። በክረምት ወንዞቹ ደለል ሲያስገቡ ግን በውሃው ውስጥ የተንሳፈፈው አፈር ጥቂት ይመልሳል።

ስለ ሰው ገጽ ብዙ አይወራም፤ ለእኛ ግን ዋናው ይመስለኛል። ለቆዳና ለፀጉር ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የሚታየውን ብርሃን በብርቱ ይውጣል፤ ወደ ኢንፍራሬድ ሲኬድ ግን መዋጡ እየቀነሰ ይሄዳል። እንግዲህ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ በሚታየው ብርሃን በሚመልሰውና በኢንፍራሬድ በሚመልሰው መካከል ያለው ልዩነት ከነጣ ቆዳ ይልቅ ሰፊ ነው። ኢንፍራሬድ ሲፈስ ፊት የሰም መልክ ይይዛል፣ ጥላ የነበረው ይሞላል፣ ጥቁር ፀጉር ሂና የነካው ይመስላል። ብዙዎቹ የፊልተር ሙከራ ቪዲዮዎች ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። እነሱን ዓይቶ «ችግር የለበትም» ብሎ መግዛት እዚህ ሌላ ውጤት ሊያመጣ ይችላል።

በዚህ ላይ አብዛኞቹ ሌንሶች ኢንፍራሬድን የሚያተኩሩት ከሚታየው ብርሃን በተለየ ርቀት ላይ ነው። ስለዚህ ምስሉ ጥራቱ ትንሽ ሊለዝብ ይችላል፤ ቀራጩ ሌንሱን ይወቅሳል።

ስልኩስ? ስልኩ ላይ ኤንዲ የለም። ሸተሩን ወደ ሺኛ ሰከንዶች አውርዶ ብርሃኑን ስለሚቀንስ የሚታየውና የማይታየው ድርሻቸው እንዳለ ይቀራል። የሚዜው ፎቶ ትክክል የሆነው ስልኩ ከካሜራው ስለሚበልጥ አይደለም።

ሌላው ችግር፦ የፊልተሩ የራሱ ቀለም

ከኢንፍራሬድ ፈጽሞ የተለየ፣ ግን በአንድነት «የፊልተር ከለር» እየተባለ የሚጠራ ችግር አለ። ማቅለሚያው በሚታየው ብርሃን ውስጥም ቢሆን ሁሉንም ቀለም እኩል ካልቀነሰ ምስሉ በሙሉ ወደ ሰማያዊ፣ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሞቃት ቀለም ያደላል። ይህ ባለ ቀለም መነጽር ከማጥለቅ አይለይም፤ ነጩም ጥቁሩም ቅጠሉም በአንድ ዓይነት መጠን ይነካል። ፊልተሩ ተገጥሞ እያለ ነጭ ወይም ግራጫ ወረቀት ላይ ዋይት ባላንስ ከተወሰደ በአብዛኛው ይጠፋል።

የሁለቱ ልዩነት የሚታወቀው በነጩ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሲስተካከል ሁሉም ነገር አብሮ ከተስተካከለ ችግሩ የፊልተሩ ቀለም ነበር። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ካባው አሁንም ቀይ፣ ቅጠሉም ቢጫ ከሆነ ኢንፍራሬድ ነው።

ሁለቱም በአንድነት የሚገኙት በተለዋዋጩ ኤንዲ ላይ ነው። ይህ ፊልተር በሠርግ ቀራጮች ዘንድ የተወደደው ሌንሱ ላይ እየዞረ ከ2 እስከ 5 ወይም ከ6 እስከ 9 ስቶፕ ስለሚለዋወጥ ነው፤ ሙሽሮች ከጥላ ወደ ፀሐይ ሲወጡ ፊልተር ለመቀየር ጊዜ የለም። የተሠራው ከሁለት ፖላራይዘሮች ነው፤ ፖላራይዘር በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዘውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ገበር ነው። የሁለቱ አቅጣጫ ሲጻረር ብርሃኑ ይዘጋል። ተራዎቹ ፖላራይዘሮች ግን በኢንፍራሬድ አካባቢ ኃይላቸውን ያጣሉ፤ ለዓይን ጥቁር የሆነው ጥምር መስታወት ለኢንፍራሬድ ክፍት ነው። መጨረሻው አካባቢ ሲዞር በሰፊ ሌንስ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥላ ያመጣል። ሐይቅ ዳር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ የፊተኛው ፖላራይዘር የውሃውን ነጸብራቅ ስለሚያጠፋ ብርሃን ለማስተካከል ብቻ ብለው ሲያዞሩት የጣና ገጽ ከብር ወደ ጥቁር ይቀየራል።

«ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል»

ኤዲተሮች እንዲህ ሲሉ ከፊል ምክንያት አላቸው። ካባውን ብቻ በማስክ ከልሎ ቀለሙን ማጥፋት ይቻላል፤ ውጤቱም ለደንበኛ ዓይን በቂ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሮው (ካሜራው ሳያቀናብረው በጥሬው) የተቀረጸ ከሆነ ይበልጥ ይመቻል።

ገደቡ ግን መሠረታዊ ነው። ዋይት ባላንስ የሚሠራው በምስሉ ሁሉ ላይ ያለውን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያንዳንዱን በየራሱ አንድ ቁጥር በማባዛት ነው፤ ኢንፍራሬድ ግን የገባው በየቁሱ በተለያየ መጠን ነው። ካባውን ጥቁር የሚያደርገው ቁጥር የሙሽሪትን ፊት አመድ ያስመስለዋል፤ ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ነጩን ቀሚስ ወደ ውሃ ሰማያዊ ይወስደዋል። ማስክ ሲሠራም የካባው ወርቃማ ጥልፍ፣ ከፀጉሩ ጋር የሚገናኝበት አንገትጌና የጥላው ጠርዝ አስቸጋሪ ናቸው። አንድ ፎቶ ላይ የሚያልቅ ሥራ፣ የሚንቀሳቀሱ አሥር ሚዜዎች ባሉበት የብዙ ደቂቃ ቪዲዮ ላይ ሌላ ዋጋ ይሆናል። የፊት ጥላ ከጠፋ ደግሞ የሚመልሰው መሣሪያ የለም፤ ሴንሰሩ የመዘገበው ድምር እንጂ የትኛው ከየት እንደመጣ አይደለም።

ስለዚህ ኤዲቲንግ ለደረሰ ጉዳት መጠገኛ ነው ማለት ይቻላል፤ እንደ አሠራር መያዙ ግን ለኤዲተሩ የማይከፈልበትን ሥራ ማሸከም ነው።

ምን ይገዛ? መጀመሪያ ምን ይተው?

የመፍትሔ ፊልተሮቹ በሥራቸው ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው «ሆት ሚረር» የሚባለው፣ በላዩ የተደራረበ ስስ ሽፋን ኢንፍራሬዱን ወደ ውጭ የሚመልስ መስታወት ነው። በደንብ ይቆርጣል፤ ነገር ግን ብርሃን በሰያፍ ሲመታው የሚቆርጥበት ወሰን ወደሚታየው ቀይ ስለሚንሸራተት በሰፊ ሌንስ የምስሉ ጠርዞች ወደ አረንጓዴ ያደላሉ። ሁለተኛው ኢንፍራሬዱን በመዋጥ የሚያስቀር አረንጓዴ ቀመስ መስታወት ነው፤ ከሚታየውም ቀይ ትንሽ ይነካል፤ ግን በምስሉ ሁሉ እኩል ስለሆነ ዋይት ባላንስ ያርመዋል። ሦስተኛው ማቅለሚያ ሳይሆን እንደ ኒኬልና ክሮሚየም ያለ ብረት በስሱ የተቀባበት ኤንዲ ነው፤ ብረቱ የሚታየውንና ኢንፍራሬዱን ተቀራራቢ በሆነ መጠን ስለሚቀንስ ከችግሩ ምንጭ ይነሳል። ገጹ እንደ መስታወት ስለሚያብረቀርቅ አንዳንድ ጊዜ በምስሉ ላይ ነጸብራቅ ያመጣል፣ ዋጋውም ከተራው ይበልጣል። በገበያ «አይአር ኤንዲ» ተብሎ የሚሸጠው ከእነዚህ አንዱ ወይም የሁለቱ ቅይጥ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ መግዛት አያዋጣም፤ ለአንዱ ካሜራ የተስማማው ለሌላው ላይስማማ ይችላል፣ የየካሜራው ፍሳሽ የሚጀምርበት ቦታ ይለያያልና።

ሠሪዎቹ ሴንሰሩ ፊት ያለውን መስታወት ለምን አያጠብቁትም የሚል ጥያቄ ይነሳል። መስታወቱ ሲወፍር በምስሉ ጠርዝ በሰያፍ የሚገባው ብርሃን ይጎዳል፤ ወሰኑ ወደ ቀይ ሲጠጋ ደግሞ የቆዳ ቀለም ሕይወት ያጣል። ላይካ በ2006 እ.ኤ.አ. ኤም8 የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ ቀጭኑን መስታወት መረጠ። ውጤቱም ያለ ምንም ኤንዲ ጥቁር ሰው ሠራሽ ልብስ ሐምራዊ ሆኖ መታየቱ ነበር። ኩባንያው ለገዢዎቹ ሌንስ ፊት የሚገጠሙ ኢንፍራሬድ አስቀሪ ፊልተሮችን በነጻ እስከ መስጠት ደረሰ። ስለዚህ ይህ የርካሽ ዕቃ በሽታ ብቻ አይደለም።

የተሻለ ፊልተር ይገዛ የሚለው ወገን በመርህ ትክክል ነው። በባሕር ዳር ሁኔታ ግን ዕቃው በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሚመጣ ሰው የሚገኝ፣ ለየሌንሱ ስፋትም ለየብቻ የሚፈለግ ስለሆነ የመጀመሪያው እርምጃ ይህ መሆን የለበትም። መጀመሪያ የሚተወው ከባዱ ኤንዲ ነው። ከላይ እንደታየው ሎግን ለቀትር ፀሐይ ባለመጠቀምና ኤፍ 2.8ን ወደ ኤፍ 8 በማጥበብ 9 ስቶፕ ወደ 3 ይወርዳል፤ በ3 ስቶፕ ደግሞ ተራ ፊልተርም ብዙ አይጎዳም። ጥላ ፍለጋ ከዛፍ ሥር መግባትም ይረዳል፤ ጥላው ጥቂት ስቶፕ ይቀንሳልና። የሚከፈለው ዋጋ የጀርባው ብዥታ መቀነስ ነው። ደንበኛው የሚፈልገው ብዥታውን ከሆነና ልብሱ ጥቁር ካልሆነ ደግሞ ሌላ ውሳኔ ላይ መድረስ ይቻላል።

ኤንዲን ጨርሶ ትቶ ሸተሩን ወደ ሺኛ ሰከንዶች ማውረድ የሚሉም አሉ። ከለሩ ንጹህ ይሆናል። እስክስታው ግን ይቆራረጣል፤ የትከሻ እንቅስቃሴ በእንዲህ ዓይነት ሸተር ሲቀረጽ ዓይን ያደክማል። ለቆመ ሰውና ለመልክዓ ምድር ተቀባይነት አለው።

ሪሞት ኮንትሮሉና የሱቁ መብራት

ፊልተር ለመፈተሽ በሰፊው የሚመከረው የቴሌቪዥን ሪሞት ኮንትሮል ወደ ሌንሱ አነጣጥሮ መጫን ነው፤ መብራቱ በካሜራው ስክሪን ላይ ከታየ ኢንፍራሬድ ያስገባል ይባላል። ሙከራው የሚነግረን ነገር አለ፤ የሚፈለገውን ግን አይደለም። የሪሞቱ መብራት 940 ናኖሜትር አካባቢ ሲሆን ካባውን የሚያቀላው በአብዛኛው ከ680 እስከ 780 ያለው ነው። ሪሞቱ ካልታየ ተብሎ ፊልተሩን ነጻ ማውጣት አይቻልም።

ሱቅ ውስጥ ገጥሞ ማየትም ያሳስታል። የዛሬ ሱቆች መብራት ኤልኢዲ ነው፤ ኤልኢዲ ኢንፍራሬድ የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ማንኛውም ፊልተር እዚያ ንጹህ ይሆናል። አምፖል፣ ሃሎጅንና ጧፍ በተቃራኒው ከሚታየው ይልቅ ኢንፍራሬድ ይበዛባቸዋል፤ ግን በእነሱ ብርሃን ኤንዲ የሚገጥም ስለማይኖር ጉዳዩ ብዙም አይነሳም።

አስተማማኙ ሙከራ ፀሐይ ላይ የሚደረገው ነው። አንድ ነጭ ወረቀት፣ ሁለት ሦስት ዓይነት ጥቁር ጨርቅ፣ አንድ እርጥብ ቅጠልና የራስን እጅ ጎን ለጎን አድርጎ፣ አይኤስኦ 100 እና ኤፍ 8 ላይ በ1/400 ያለ ፊልተር ፎቶ ማንሳት። ከዚያ 6 ስቶፑን ገጥሞ፣ ሌላ ምንም ሳይነኩ ሸተሩን ብቻ ወደ 1/6 አውርዶ መድገም። ለሁለቱም ዋይት ባላንስን በወረቀቱ ማስተካከል። ከዚህ በኋላ በሁለቱ ፎቶዎች መካከል በጨርቁ፣ በቅጠሉ ወይም በእጁ ላይ የቀረው የቀለም ልዩነት የኢንፍራሬዱ ነው። ተለዋዋጭ ፊልተር ከሆነ በሳሳውም በጠቆረውም ጫፍ መሞከር አለበት።

ከሠርግ ያለፈ ጉዳይ፦ እምቦጭን መቅረጽ

እምቦጭ በጣና ላይ ከታወቀበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሐይቁ ቪዲዮ ከመዝናኛነት አልፎ ማስረጃ ሆኗል። አረሙ ሰፋ ወይስ ጠበበ፣ ጠወለገ ወይስ ለመለመ የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ በተቀረጸ ምስል ይደገፋል። ሳተላይቶች አረሙን ከውሃ የሚለዩት የሠርግ ቀራጩን በሚያስቸግረው በዚሁ ባሕርይ ነው። ለምሳሌ የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 በ842 ናኖሜትር አካባቢ፣ እያንዳንዱ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር በሆነ ምስል ምድርን ያነሳል፤ በዚያ ብርሃን ውሃ ጥቁር፣ ጤነኛ ቅጠል ደማቅ ስለሆነ የአረሙ ወሰን ጎልቶ ይወጣል። እዚያ ኢንፍራሬዱ ለብቻው ተለክቶ ስለሚመዘገብ መረጃ ነው። ቪዲዮ ካሜራ ላይ ግን ከቀዩ ጋር ተደምሮ ስለሚገባ ያሳስታል።

የሚያሳስተውም በአንድ አቅጣጫ ነው። በከባድ ኤንዲ የተቀረጸ ለምለም እምቦጭ ቢጫማ ወይም ቡናማ ሆኖ ይታያል። አረሙ በመንቀል ወይም በሌላ ዘዴ ተዳክሟል ተብሎ በሚነገርበት ሰሞን እንዲህ ያለ ምስል ያለ ማንም ክፋት «እየደረቀ ነው» ለሚለው ወገን ምስክር ሊሆን ይችላል። በሌላ ወር ያለ ፊልተር የተቀረጸው ደግሞ ለምልሞ ይታይና አረሙ የተመለሰ ይመስላል። ድሮን ላይ የሚገጠሙት ኤንዲዎች ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ስቶፕ ስለሆኑ አደጋቸው ያነሰ ነው። ከጀልባ ላይ በሲኒማ ካሜራ የሚቀረጸው የበለጠ ያሰጋል።

ለማስረጃ የሚቀረጽ ምስል እንቅስቃሴው መለስለስ የለበትም፤ ቀለሙ ግን መታመን አለበት። አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 11፣ ሸተር 1/200፣ ፊልተር የለም፤ በመጀመሪያው ፍሬም ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ወረቀት፤ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር የተጻፈ የካሜራ አያያዝ። ፊልተር መግጠም ግድ ሆኖ ከነበረ ዓይነቱና ስቶፑ አብሮ ይጻፍ፤ የሚቀጥለው ወር ቀራጭ ያንኑ ገጥሞ ካልቀረጸ ሁለቱን ምስሎች በቅጠል ቀለም ማወዳደር አይቻልም።